አፍሮዳይት በማዳባ ወለል ላይ፦ የጥንት እንስት አማልክት በክርስቲያኖችና በአይሁድ ወለል ላይ ለምን ተነጠፉ?

ብራና ፈላጊ (የክሩ ጀማሪ)

የመድረኩ አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በዮርዳኖስ አገር፣ ከአማን በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በማዳባ ከተማ ስላለ አንድ የሞዛይክ፣ ማለትም በደቃቅ ባለቀለም ጠጠር የተሣለ ወለል ነው። ማዳባ በመጽሐፍ ቅዱስ ሜድባ የተባለችው የሞዓብ ከተማ ናት። አብዛኞቻችን የምናውቃት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ባለው የቅድስት ሀገር ካርታ ነው፤ ካርታው ዝናውን ሁሉ ስለወሰደው ግን በዚያው ከተማ የሚገኘውን የሂፖሊጦስ አዳራሽ የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልግለጽ።

አዳራሹ የተገኘው በ1982 ሲሆን፣ ያገኘውም ዕድሜውን በዮርዳኖስ ሞዛይኮች ጥናት ያሳለፈው ፍራንቸስካዊው መነኩሴ ሚኬሌ ፒቺሪሎ ነው። ወለሉ በ6ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ማለትም በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ዘመን አካባቢ የተሠራ ነው። በላይኛው ክፍል የፍቅር አምላክ የሆነችው አፍሮዳይት ጦር ከያዘው ከአዶኒስ ጎን በዙፋን ላይ ተቀምጣለች፤ ጸጋዎች ከሚባሉት እንስት አማልክት አንዷ ይዛ ያቀረበችላትን ክንፋም ሕፃን ኤሮስን በጫማዋ ልትገርፈው እጇን አንሥታለች። ሌሎቹ ሕፃናት ከዚያና ከዚህ ይራወጣሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ራሱን ንብ አልባ ቀፎ ውስጥ ከትቷል። አንዲት የገጠር ልጅ ደግሞ ፍሬ የሞላ ቅርጫት ይዛ ትመጣለች። የእያንዳንዳቸው ስም በግሪክኛ ስለተጻፈ ማንነታቸው አያጠራጥርም። ከዚህ በታች ባለው ክፍል የእንጀራ ልጇን ያፈቀረችው ፌድራ ከደንገጡሮችዋ ጋር ትታያለች፤ አዳራሹ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ከእንጀራ ልጇ ከሂፖሊጦስ ነው።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቁኝ ከዋናው ሥዕል ውጭ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሦስት ሴቶች ናቸው። ሮም፣ ጎርጎርያና ማዳባ የሚል ስም ተጽፎላቸዋል። እነዚህ ግሪኮች ቲኬ ብለው ያመልኳቸው የነበሩ የከተማ ዕድል አማልክት ናቸው፤ በማዳባ ወለል ላይ ግን እያንዳንዳቸው ጫፉ ላይ ትንሽ መስቀል ያለበት ረጅም በትር ይዘዋል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ዮስጢንያኖስ በአባይ ወንዝ ላይ፣ በግብፅና በኖብያ ድንበር በፊላይ ደሴት የነበረውን የኢሲስን ቤተ ጣዖት በ530ዎቹ ያዘጋ ንጉሥ ነው። አንዲት እንስት አምላክ በደሴቲቱ ላይ ከመቅደሷ ስትባረር፣ ሌላዋ በዚያው መንግሥት ግዛት በክርስቲያን ከተማ ውስጥ፣ ገንዘብ ወጥቶባት፣ በጥሩ ባለሙያ እጅ ወለል ላይ ትነጠፍ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የእኔ አስተያየት መልሱ በቦታው ላይ ነው የሚል ነው። ታናሹ ቴዎዶስዮስ በ427 ባወጣው ሕግ የክርስቶስ ምልክት የሆነው መስቀል በመሬትና በወለል ላይ እንዳይቀረጽ ወይም እንዳይሣል ከልክሏል። ቅዱሱ ነገር ከእግር በታች መሆን ካልተገባው፣ ወለሉ ቅዱስ ላልሆነው ሁሉ ክፍት ሆነ ማለት ነው፤ ባሕር፣ ምድር፣ ወቅቶች፣ ከተሞችና የጥንት ተረት ሁሉ በዚያ ቦታ አገኙ። የእናንተን ሐሳብ ለመስማት እጓጓለሁ።

ዲያቆኑ አንባቢ

ወንድሜ፣ ርእሱን ስላነሣኸው አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ጉዳዩ ለእኔ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የኤፌሶን ሕዝብ «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያለ ሁለት ሰዓት ያህል ሲጮኽ እናነባለን። በሕዝቅኤል ምዕራፍ 8 ደግሞ ሴቶች በእግዚአብሔር ቤት በር ተቀምጠው ለተሙዝ ሲያለቅሱ ነቢዩ እንደ ርኩሰት ቆጥሮ ይነግረናል፤ ተሙዝ ደግሞ ግሪኮች አዶኒስ የሚሉት እንደሆነ ከጥንት አባቶች ሄሮኒሞስ ገልጿል። እንግዲህ በማዳባ ወለል ላይ ከአፍሮዳይት ጎን የተቀመጠው ያው ነቢዩ ያወገዘው ጣዖት ነው። ክርስቲያን የሆነ ባለጸጋ እንግዶቹን የሚቀበልበትን አዳራሽ በእነዚህ ምስሎች ሲያስጌጥ አባቶች እንዴት ዝም አሉ? አምልኮው በስውር አልቀጠለም ብለን በምን እርግጠኞች እንሆናለን?

ሁለተኛም፣ ከእግር በታች መሆን የንቀት ምልክት ነው የሚለውን ሐሳብ በግልጽ ባትጽፈውም በጽሑፍህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ለንቀት ብሎ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወለተ ጊዮርጊስ

ዲያቆን፣ ጥያቄዎችህ ተገቢ ናቸው። በሁለተኛው እስማማለሁ፦ የሂፖሊጦስ አዳራሽ አፍሮዳይት የተናቀች አይደለችም፤ ጌጠኛ ልብስና ዙፋን ያላት፣ ባለቤቱ ለእንግዶቹ በኩራት የሚያሳያት ምስል ናት።

የመጀመሪያውን በተመለከተ ግን የዘመኑን ትምህርት ቤት ማስታወስ ያስፈልጋል። በ6ኛው መቶ ዘመን በምሥራቁ የሮም ግዛት የተማረ ክርስቲያን ማለት ሆሜርንና ኤውሪጲደስን ያነበበ ሰው ማለት ነበር፤ የፌድራና የሂፖሊጦስ ታሪክ ከኤውሪጲደስ ድራማ የመጣ ነው። በቅዳሴው የምናውቀው ታላቁ ባስልዮስ ለወጣቶች በጻፈው ምክር፣ ንብ ከአበባው ሁሉ የሚጠቅማትን ብቻ ለይታ እንደምትወስድ፣ ክርስቲያን ወጣትም ከግሪክ መጻሕፍት የሚጠቅመውን መርጦ እንዲወስድ አስተምሯል። የማዳባው ባለጸጋ በዚህ መንፈስ ያደገ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። የፌድራ ታሪክ ያላግባብ የሆነ ፍቅር ቤትን እንዴት እንደሚያፈርስ ያሳያል፤ ከበላይዋ ያለችው አፍሮዳይትም ያንን የፍቅር ኃይል በምስል የምትገልጽ እንጂ መሥዋዕት የሚቀርብላት አይደለችም። በፊላይ የነበረችው ኢሲስ ካህናት፣ በዓልና መሥዋዕት ነበሯት፤ የተዘጋውም ይህ አምልኮ ነው።

የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ከዚያው ከተማ ላቅርብ። በማዳባ የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ፣ በ578 የተሠራ ክብ ሥዕል አለ። በመካከሉ ታላሳ የተባለችው ባሕር በሴት አምሳል በዓሣዎችና በባሕር አውሬዎች መካከል ከማዕበሉ ትወጣለች። ዙሪያውን በተጻፈው ጸሎት ሰማይንና ምድርን የፈጠረ ጌታ እግዚአብሔር ለአናስታስዮስ፣ ለቶማስ፣ ለቴዎዶራና ለሞዛይክ ባለሙያው ለሰላማንዮስ ሕይወትን እንዲሰጣቸው ይለመናል። ባሕሪቱ በቀድሞው ዘመን አምላክ ነበረች፤ እዚህ ግን ፈጣሪዋ በሚመሰገንበት ጽሑፍ ተከባ ፍጥረት ሆናለች። ሙሴ የተስፋይቱን ምድር ካየበት ከናባው ተራራ አጠገብ ባለው በካህኑ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያንም፣ በ565 በተሠራው ወለል ላይ፣ ጌ የተባለችው ምድር እንዲሁ በሴት አምሳል ፍሬ ይዛ ትታያለች፤ ሁለት ወጣቶችም ከግራና ከቀኝ ፍሬ ያቀርቡላታል።

የሂፖሊጦስን አዳራሽ በተመለከተ ደግሞ ብራና ፈላጊ ያልጠቀሰው አንድ ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህንን ነው። ጥቂት ቆይቶ በአዳራሹ ላይ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ በወለሉ መካከል ባለው ክብ ውስጥም የተጻፈው ጽሑፍ፣ አምላክን የወለደች ድንግል ማርያምንና ከእርሷ የተወለደውን የዓለሙን ንጉሥ ክርስቶስን ለማየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አእምሮውን፣ ሥጋውንና ሥራውን እንዲያነጻ ያሳስባል። በአንድ ቦታ፣ ከታች አፍሮዳይት፣ ከላይ የእመቤታችን ምስጋና አለ፤ የእመቤታችን ምስጋና ግን የተሠራው በፊደል ነው፤ በወለሉ ላይ መልኳ አልተሣለም። ይህ ለብራና ፈላጊ አስተያየት ጥሩ ድጋፍ ይመስለኛል።

ሆኖም የ427ቱን ሕግ ስናነሣ ጥንቃቄ እናድርግ። ከሕጉ በኋላም በሶርያ፣ በፍልስጥኤምና በዮርዳኖስ ቤተ ክርስቲያናት ወለል ላይ መስቀል በብዛት ተሠርቷል። ሕጉ የወጣው ሰዎች ያደርጉት ስለነበር ነው፤ ከወጣም በኋላ ማድረጋቸውን አልተዉም።

ብራና ፈላጊ

እኅቴ ወለተ ጊዮርጊስ፣ በታላሳና በጌ ላይ ያቀረብሽው ማስረጃ ክሩን ከፍ አድርጎታል። ስለ ሕጉ የምለው እርሱ ሁሉን ገዝቷል ብዬ አይደለም። ሕጉ የሚያሳየን የዚያ ዘመን ሰዎች ወለልንና ግድግዳን በአንድ ዓይን እንደማያዩ ነው። ምእመን ቀና ብሎ የሚጸልይለት ምስል በግድግዳና በመቅደሱ ጉልላት ላይ ይሣላል፤ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ደግሞ የሚኖርበት ዓለም ነው። ክርስቶስ፣ እመቤታችንና ሐዋርያት ከላይ ሲሆኑ፣ በወለሉ ላይ ወይን የሚለቅም ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ወንዝ፣ ከተማና አራቱ ወቅቶች ይገኛሉ። አማልክቱም የቀሩት የዚህ ዓለም ክፍል ሆነው ነው። ለንቀት አይደለም ያለውን የዲያቆንን ቃል ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ።

በቆጵሮስ በኩሪዮን የሚገኘው የኤውስጦልዮስ ቤት ይህንን በግልጽ ያሳያል። ከ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሆነው የዚህ ቤት ጽሑፍ፣ ቤቱ በትልልቅ ድንጋይና በብረት ፈንታ በክርስቶስ ምልክቶች እንደታጠረ ይናገራል። በዚያው ቤት መታጠቢያ ክፍል ወለል ላይ ግን ክቲሲስ የምትባል፣ የግንባታንና የምሥረታን ሥራ የምትወክል ሴት የመለኪያ ዘንግ ይዛ ትመለከታለች። የቤቱ ጌታ በሁለቱ መካከል ምንም ግጭት አላየም።

የጥብርያዶስ ጎረቤት

ከእስራኤል ሰሜን ነው የምጽፈው። ይህ ነገር የክርስቲያኖች ብቻ እንዳይመስላችሁ በምኩራቦች ያለውን ላክልበት።

በጥብርያዶስ አጠገብ ባለው የሐማት ምኩራብ፣ ከ4ኛው መቶ ዘመን በሆነው ወለል ላይ፣ በመካከሉ ሄሊዮስ የተባለው የፀሐይ አምላክ በሠረገላ ሆኖ ይታያል፤ ዙሪያውን 12ቱ የዞዲያክ (የከዋክብት ክፍሎች) ምልክቶች ከበውታል፤ በአራቱ ማዕዘን ደግሞ አራቱ ወቅቶች በሴቶች አምሳል ተሥለው ስማቸው በዕብራይስጥ ተጽፎላቸዋል። ከምልክቶቹ አንዷ የሆነችው ድንግል ችቦ የያዘች ሴት ናት፤ አሣሣሏ በግሪክ ሥዕሎች የእህል አምላክ የዴሜጥር ልጅ ፐርሰፎኒ ከምትሣልበት ጋር በጣም ይቀራረባል። ከጊልቦዓ ተራራ ግርጌ በቤት አልፋ ያለው የ6ኛው መቶ ዘመን ምኩራብ ደግሞ በ1928 የኪቡጽ አባላት የውኃ ቦይ ሲቆፍሩ የተገኘ ነው። የሠሩት ማርያኖስና ልጁ ሐኒና መሆናቸው በወለሉ ላይ ተጽፏል። የሐማቱ ሥራ የሥነ ጥበብ ትምህርት የቀሰመ ባለሙያ ሥራ ሲሆን፣ የአባትና የልጁ ግን ፊቶቹ ክብ፣ ዓይኖቹ ትልልቅ፣ መስመሩ ቀጥተኛ ነው፤ በጎንደርና በጎጃም ቤተ ክርስቲያናት ሥዕል ያደገ ሰው ሲያየው ባይተዋርነት አይሰማውም። በቤት አልፋ ወቅቶቹ ከዞዲያኩ ምልክቶች ጋር በትክክለኛው ቦታ አልገጠሙም፤ በሐማት ግን ይገጥማሉ። ለእኔ ይህ የሚያሳየው በ6ኛው መቶ ዘመን እነዚያ ሴቶች ከጥንት ትርጉማቸው ርቀው የተለመደ ጌጥ እየሆኑ መምጣታቸውን ነው።

የእኛ የቤተ እስራኤል ቄሶች የጸሎት ቤት እንዲህ ዓይነት ምስል ስለማያውቅ፣ ከእኛ ማኅበረሰብ ሽማግሌዎች ጋር ወደ ሐማት የሄደ ሰው ብዙ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ጥርጣሬው የእኛ ብቻም አልነበረም። በጽፖሪ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሠራው ምኩራብ ያንኑ ሠረገላ ቢያሳይም፣ በሰው አምሳል በተሣለው ሄሊዮስ ፈንታ ጨረር የምትረጭ ፀሐይን ብቻ አስቀምጧል። ጎረቤት መንደሮች በአንድ ጉዳይ ላይ የተለያየ ውሳኔ ወስደዋል ማለት ነው።

በዚያው በጽፖሪ የአባይ ቤት የሚባለውን ወለል ማየት ለኢትዮጵያዊ ሁሉ ይገባል። የአባይ ሙላት በዓል ተሥሎበታል፤ ግብፅ በሴት አምሳል ፍሬ የሞላ ቅርጫት ይዛ ጋደም ብላለች፤ የውኃውን ከፍታ የሚለካው ዓምድ ላይም 15፣ 16፣ 17 የሚሉ ቁጥሮች በግሪክኛ ተጽፈዋል። ያ ሙላት በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ውኃና ደለል ነው፤ የዚያ ወለል ባለቤት የሚያከብረው የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ነበር።

ቴራዞ አንጣፊ

እኔ አዲስ አበባ በወለል ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ በሙያው በኩል ጥቂት ልበል።

መጀመሪያ የነበረው ሞዛይክ ያልተቆረጠ የወንዝ ጠጠር ነበር። በሰሜን ግሪክ በአምፊጶሊስ በሚገኘው የካስታ መቃብር በ2014 የተገኘው ወለል ከዚህ ዓይነቱ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ 4.5 ሜትር በ3 ሜትር ስፋት ላይ የሙታን ንጉሥ ሐዲስ ፐርሰፎኒን በሠረገላ ነጥቆ ሲወስዳት፣ የአማልክት መልእክተኛ ሄርሜስም ፊት ፊት ሲመራ ያሳያል። በመቃብር በር ላይ እርሷን ማድረግ ሐዘኑን ለሚያውቅ ሰው ሁሉ ግልጽ ነው። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን በትንሹ በአራት ማዕዘን መቁረጥ መጣ፤ ይህ ባይመጣ ኖሮ የፊት ጥላና የዓይን አመለካከት ማውጣት ባልተቻለ ነበር። ለልብስና ለመደብ ተለቅ ያለው፣ ለፊት በጣም ደቃቁ ጠጠር ይደረደራል። ተፈጥሮ የማትሰጠውን ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ለማግኘት ብርጭቆ ይጨመራል፤ ብርጭቆ ግን በወለል ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ዛሬ በአንዳንድ ምስሎች ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየው ያ ቦታ ነው።

ከላይ የሚታየው ጌጥ ከሥሩ ያለውን ያህል ነው የሚቆየው። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቭዮስ እንደጻፈው ከታች ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ይነጠፋል፤ ቀጥሎ ሦስት እጅ ኮረት ከአንድ እጅ ኖራ ጋር ተደባልቆ ይደቀደቃል፤ በላዩ ሦስት እጅ የጡብ ስብርባሪ ከአንድ እጅ ኖራ ጋር ይደረጋል፤ ጠጠሩ የሚተከለው በዚህ ላይ በሚለቀለቅ ለስላሳ ኖራ ነው። ያለ ሲሚንቶ ይህን ያህል ዘመን የቆየው በዚህ ጥንቃቄ ነው።

ክፍያውን ስሰማ ግን ልቤ ተነካ። ክርስቲያኖችን ያሳደደው ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ባወጣው የዋጋ ዐዋጅ፣ የሞዛይክ ወለል ሠሪ የቀን ክፍያ ከምግቡ ጋር ቢበዛ 50 ዲናር ነው፤ ከአናጺና ከዳቦ ጋጋሪ እኩል ማለት ነው። የሰው ምስል የሚሥለው ሠዓሊ 150 ይከፈለዋል። አማልክቱን በእጁ ያቆመው ሰው የሠዓሊውን ሢሶ አገኘ። ሰላማንዮስም ማርያኖስም ስማቸውን በመጻፋቸው፣ በኤፍራጥስ ዳር በዜውግማም የሳሞሳታው ዞሲሞስ በአፍሮዳይት ምስል ላይ ስሙን በማኖሩ ደስ ይለኛል።

ሁሉም ባለሙያ እኩል እንዳልነበረም ልናገር። በእንግሊዝ አገር በራድስተን በ1933 አንድ ገበሬ ሲያርስ የተገኘችው ቬነስ (ሮማውያን አፍሮዳይትን የሚጠሩበት ስም) አካሏ የተዛባ፣ ፀጉሯ የተበተነ ናት፤ በእጇ ፖም ይዛ መስተዋቷ ወድቆባታል። ብዙ ሰው ይሥቅባታል። እኔ ግን የማየው ከሮም ርቆ የሚኖር ሠራተኛ በወሬና በንድፍ ብቻ የሚያውቃትን እንስት አምላክ ለመሥራት ያደረገውን ብርቱ ጥረት ነው።

ዲያቆኑ አንባቢ

የሁላችሁንም መልስ በጥሞና አነበብኩ። ታላሳ በጸሎት ተከባ መታየቷ አሳምኖኛል። ሆኖም አምልኮውን ያልተወ፣ ክርስትናንም የሚቃወም ሰው ይህንኑ ሞዛይክ ለራሱ ዓላማ የተጠቀመበት አጋጣሚ የለም ወይ?

ብራና ፈላጊ

አለ ብለው የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ፤ የሚጠቅሱትም በቆጵሮስ በጳፉ ያለውን የአዮን ቤት ነው። ጳፉ ቅዱስ ጳውሎስ አገረ ገዢውን ሰርግዮስ ጳውሎስን ያሳመነባት ከተማ ናት፤ ቀድሞ የአፍሮዳይት አምልኮ ዋና መዲና የነበረችው አሮጌዋ ጳፉም ከእርሷ ሩቅ አይደለችም። ይህ ወለል የተሠራው በ4ኛው መቶ ዘመን፣ ክርስትና በቤተ መንግሥት ከገባ በኋላ ነው። በአንዱ ሥዕል ሄርሜስ የወይን አምላክ የሆነውን ሕፃኑን ዲዮኒሶስን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይታያል፤ ሕፃኑ በራሱ ዙሪያ ብርሃን አለው፤ በዙሪያው ያሉትም በአክብሮት ወደ እርሱ ያያሉ፤ ነምፎች የሚባሉት እንስት መናፍስት የሚታጠብበትን ውኃ ያዘጋጃሉ። አቀማመጡ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከምትሣልበት ጋር ስለሚቀራረብ፣ የድሮውን ሃይማኖት የሚከላከል ሰው «እኛም አዳኝ ሕፃን አለን» ለማለት አሠርቶታል ይላሉ። እኔ ይህ አተረጓጎም ትክክል ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ፤ ከማዳባው የሚለየውም ዘመኑ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን አማልክቱ ገና ተከራካሪ ነበራቸው፤ ከ200 ዓመት በኋላ በማዳባ የሚከራከርላቸው ስላልነበረ ያለ ሥጋት ወለል ላይ ሊቀመጡ ቻሉ።

ከአዳማ

እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። የኢትዮጵያ ንግሥት የተባለችው ካስዮፕያ በእነዚህ ሞዛይኮች ላይ አለች ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት ተሥላለች?

ወለተ ጊዮርጊስ

እውነት ነው፤ የምትገኘውም ብራና ፈላጊ በጠቀሰው በዚያው በጳፉ የአዮን ቤትና በሶርያ በፓልሚራ በተገኘ ሌላ ወለል ላይ ነው። የፓልሚራው በ3ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ሲሆን ወደ ደማስቆ ሙዚየም ተወስዷል።

በሰፊው የሚታወቀው ተረት ካስዮፕያ የንጉሥ ኬፌዎስ ሚስት እንደነበረች፣ ከባሕር እንስት አማልክት ከኔሬይዶች እበልጣለሁ ብላ በመመካቷ የባሕር አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ የባሕር አውሬ እንደላከ፣ ልጇ አንድሮሜዳም ለአውሬው እንድትሰጥ በዓለት ላይ እንደታሰረችና ፔርሴዎስ እንዳዳናት ይናገራል። በጳፉና በፓልሚራ ያለው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በወለሎቹ ላይ ካስዮፕያ ታሸንፋለች! በጳፉ ፈራጁ የዘመናት አምላክ አዮን ራሱ ነው፤ ንግሥቲቱ ዘውድ ይደፋላታል፤ የተሸነፉት ዶሪስ፣ ቴቲስና ጋላቴያ ደግሞ በባሕር አውሬዎች ጀርባ ተጭነው ተቆጥተው ይሄዳሉ። በጽሑፍ ያልደረሰን የተረቱ ሌላ መልክ በምሥራቅ አገሮች ይነገር እንደነበር የምናውቀው ከእነዚህ ወለሎች ነው፤ የሞዛይክን ጥቅም ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

አሣሣሏን በተመለከተ፣ በሁለቱም ቦታ ቆዳዋ ነጣ ያለ ነው፤ ሠዓሊዎቹ የቁንጅናን መልክ የወሰዱት ከአፍሮዳይት ነው። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ማለታቸው ነበር፤ የአንድሮሜዳንም ዓለት ብዙዎቹ የሚያሳዩት ከአፍሪካ ውጭ፣ ዮናስ ወደ ተርሴስ ለመኰብለል መርከብ በተሳፈረባት በኢዮጴ ነው። ስለዚህ የአክሱምን ታሪክ በዚህ ተረት ላይ መመሥረት አይገባም፤ ነገር ግን የአገራችን ስም በሜዲትራንያን ሕዝቦች ተረት ውስጥ ከአማልክት ጋር የምትፎካከር ንግሥት አገር ሆኖ መቆየቱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

የፖቶማክ ማዶ

ከዋሽንግተን አካባቢ ነኝ። ቆጵሮስና ዮርዳኖስ ለመሄድ ዐቅም የሌለን ሰዎች እነዚህን እንስት አማልክት እዚህ ማየት እንደምንችል ላስታውቅ። ከ1932 እስከ 1939 በአንጾኪያ በተደረገው ቁፋሮ ከ300 በላይ ሞዛይኮች ወጥተው ለቁፋሮው ገንዘብ ላዋጡት ተቋማትና ለአንታክያ (የዛሬዋ አንጾኪያ) ሙዚየም ተከፋፍለዋል። በጆርጅታውን በደምበርተን ኦክስ ሙዚየም አፖላውሲስ የተባለችው፣ ደስታን የምትወክለው ሴት አለች፤ የመጣችው ከመታጠቢያ ቤት ወለል ነው። የባልቲሞር የሥነ ጥበብ ሙዚየምም ብዙ የአንጾኪያ ሞዛይክ በግድግዳው ላይ አኑሯል። ሄራ፣ አቴናና አፍሮዳይት በትሮይው ልዑል በፓሪስ ፊት ለቁንጅና ፍርድ የቀረቡበት ታዋቂው ሥዕል ደግሞ በፈረንሳይ በሉቭር ሙዚየም ነው።

ሆኖም ብራና ፈላጊ ስለ ወለል የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሞዛይኮች አንድ ነገር እንደጎደላቸው ገብቶኛል። ሠሪው ያሰበው ሰው በዙሪያቸው እየተራመደ እንዲያያቸው ነበር፤ አሁን ግን እንደ ሥዕል ፊት ለፊት ቆመን እናያቸዋለን። ስርቆት የተጨመረበትም አለ። በቱርክ በዜውግማ ዓይኖቿ የሚከተሉን የምትመስለው «የጂፕሲዋ ልጅ» የተባለችው ምስል፣ የዲዮኒሶስ ተከታይ ናት የሚሉ እንዳሉ ሁሉ የምድር አምላክ ጌ ናት የሚሉም አሉ። ከዚያው ወለል የተዘረፉ 12 ቁርጥራጮችን በኦሃዮ የሚገኘው የቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ በ1965 ገዝቷቸው ነበር፤ በ2018 ለቱርክ ተመልሰዋል። የዜውግማ ከፊል በ2000 በቢሬጂክ ግድብ ውኃ ስለተዋጠ የቀሩት በጋዚያንቴፕ ከተማ በ2011 በተከፈተው ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ለመሆኑ እነዚህ ሴቶች ከወለል የጠፉት መቼ ነው?

ብራና ፈላጊ

ጥያቄህ ጥሩ ነው። እስልምና ሲመጣ ወዲያው ጠፉ ማለት አይቻልም። የኡመያው ኸሊፋ ሂሻም፣ ከ724 እስከ 743 የገዛው፣ በሶርያ በረሃ ባሠራው በቀስር አል ሐይር አል ጋርቢ ቤተ መንግሥት ወለል ላይ ጌ አንገቷ ላይ እባብ ጠምጥማ፣ ፍሬ በጨርቅ ይዛ ተሥላለች። የተሠራችው በጠጠር ሳይሆን በቀለም ነው፤ አሁን ያለችው በደማስቆ ነው። ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ ባለሥልጣን ምድርን በሴት አምሳል በወለሉ ላይ ማየት ተመችቶት ነበር ማለት ነው።

የጠፉት በዚያው በ8ኛው መቶ ዘመን ነው፤ በዮርዳኖስ ያጠፉትም ራሳቸው ክርስቲያኖቹ ይመስላሉ። በኡም አር ረሳስ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ የሰውና የእንስሳ ምስሎች ጠጠራቸው ተነቅሎ በዚያው ቦታ ተደበላልቆ ተመልሶ ተተክሏል፤ ሥራው ጥንቃቄ የተሞላበት ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑን የሚገለገልበት ሰው እንጂ ወራሪ ያደረገው አይመስልም። አንዳንዱ ቦታ የምስሉ ዙሪያ ብቻ ቀርቶ መካከሉ የዘፈቀደ ቀለማት ድብልቅ ሆኗል። የማዳባዋ ታላሳ ከዚህ አምልጣለች። የሂፖሊጦስ አዳራሽ ደግሞ በላዩ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የፌድራን ክፍል ቢጎዳውም፣ አፍሮዳይትንና ሦስቱን ከተሞች ከአፈር በታች ሸሽጎ ጠብቋቸዋል።

ጌታችን ወደ ተጠመቀበት ወደ ዮርዳኖስ ወንዝ ለመሳለም የምትሄዱ ካላችሁ፣ ማዳባና ናባው ተራራ ከዚያ ሩቅ አይደሉም። ካርታውን ካያችሁ በኋላ ወደ አርኪኦሎጂው ፓርክ ገብታችሁ አዳራሹን፣ ቀጥሎም የሐዋርያትን ቤተ ክርስቲያን እዩ፤ የሦስቱን ከተሞች በትር ጫፍ ስትመለከቱ መስቀሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ቀረብ ብላችሁ መፈለግ ያስፈልጋችኋል።